የሰፈር ማኅበርና የሰፈር ጥበቃ በአዲስ አበባ ታሪክ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንደሮቿ የተመሠረቱት በመኳንንቱና በጦር አለቆቹ ግቢ ዙሪያ ነበር። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይህንኑ ያስታውሳሉ። የነዋሪው ደኅንነትም በጌታው ጥላ ሥር ያለ ነገር ነበር። ቆየት ብሎ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ጥበቃ ቢቋቋምም፣ ከገበያው ራቅ ያለው ነዋሪ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው በጎረቤቱ ተማምኖ ነበር። በገጠሩ በኩል አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ አገሬው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረጋል። ሥርዓቱ ወንጀልን የሁሉም ጉዳይ ቢያደርግም፣ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር ያጉላላ ነበር።

በከተማው ውስጥ ነዋሪው በገዛ ፈቃዱ ያቋቋመው ማኅበር ዕድር ነው። ዕድር በተለይ ከጠላት ወረራ በኋላ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ አባሉ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሥራው ግን በቀብር ብቻ አልተወሰነም። መንገድ ያስጠረገ፣ ለውኃ ቦኖ ገንዘብ ያዋጣ፣ የሌሊት ዘበኛ የቀጠረ ዕድር በየአካባቢው ይገኛል። የዕድር ኃይል በመሣሪያ ሳይሆን በመተዋወቅ ነው፤ ያላግባብ የሠራ ዳኛ በጉባኤ ይሻራልና። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ መዋጮ መክፈል የማይችል ድኻና አዲስ ገብ ተከራይ ከውጭ ይቀራሉ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተቋቋመ። ቀበሌ ባለቤትና ተከራይ፣ ሀብታምና ድኻ ሳይል ነዋሪውን ሁሉ በአንድ መዝገብ አሰፈረ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡትን ቤቶች አስተዳደረ፤ ኪራይም ቀነሰ። አነስተኛ ክርክሮችን በፍርድ ሸንጎ ዳኘ፤ በኋላም በኅብረት ሱቁ ስኳርና እህል አከፋፈለ። ዕድር ሊደርስበት ያልቻለውን ሰው ቀበሌ ደርሶበታል።

ነገር ግን ቀበሌዎችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 104 በ1969 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተደራጅቶ መሣሪያ ታጠቀ። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በግንቦት ቤት ለቤት ፍተሻ ተካሄደ። በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲበረታ ትናንት የኪራይ ደረሰኝ ይቆረጥበት የነበረው ጽሕፈት ቤት የእስርና የምርመራ ስፍራ ሆነ። በየቤቱ ማን እንደሚኖር የሚያውቀው መዝገብ፣ አገልግሎቱን ያቀና እንደነበረ ሁሉ ሰውንም ለማሳደድ አገለገለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ በቀበሌ ደጃፍ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዕድር ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሳይፈርስ ቆየ።

ቀበሌ ከደርግ ውድቀት በኋላም አልቀረም። በአዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ተቋቁመው መዋቅሩ እንደገና ተደለደለ፤ በኋላም ወረዳ ቀበሌን ተካ። ዕድሮች በኤች አይ ቪ ዘመን ለሕሙማንና ለሙት ልጆች እንክብካቤ እጃቸውን ዘረጉ። በዚያው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ስለደነገገ፣ ጥበቃ መቅጠር፣ የደረጃ መብራት ማብራትና ጣሪያ ማስጠገን የጎረቤታሞች የጋራ ጉዳይ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ዕድር መታመን ነበረው፤ ሁሉንም ማቀፍ ግን አልቻለም። ቀበሌ ሁሉንም አቀፈ፤ መታመኑን ግን በጠመንጃው አጣው። ለሰፈር ጥበቃ የሚዋጣ ገንዘብ ሒሳቡ በጉባኤ ሲነበብ፣ ጠባቂው በመረጡት ሰዎች ሲቆጣጠሩት፣ የማሰርና የመፍረድ ሥልጣንም ለሕግ ሲተው ነዋሪው ይገለገላል። እነዚህ በጎደሉበት ሰፈር ግን ነዋሪው ከሌባው ይልቅ ጠባቂውን መፍራት ይጀምራል።