ዕጣው ለእኛ አልነበረም

በእኛ ሰፈር፣ በለቡ መብራት ኃይል፣ አዲስ ፎቅ ቤት ብቅ ባለ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «አሜሪካ ማን አላቸው?» የሚል ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ይሁኑ፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ በማኅበር የሠሩ ጡረተኛ ይሁኑ፣ ሰው ግድ የለውም። ጣራው ከፍ፣ በሩ ሰፋ ካለ ከኋላው አንድ ዋሽንግተን ያለ ልጅ ይፈለግለታል። ብዙ ጊዜም አይታጣም።

ከታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። በዚያ ወር የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ፕሮግራም እንዲቆም መታዘዙን አስታወቀ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንደሚያቆም ተናገረ። «እንግዲህ አሜሪካ አከተመላት በለኛ!» የሚለኝ ጎረቤት በዛ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከመሠረቱ ካላየሁት አይገባኝም። እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለውን አባባል በሰው አፍ ያስገባው ጄምስ ትረስሎው አዳምስ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ። ጊዜውን ልብ በሉ! አሜሪካኖች ራሳቸው ሥራ አጥተው ለሾርባ የሚሰለፉበት ዘመን ነበር። ሰውየው ሕልሙ መኪናና ደመወዝ ብቻ አይደለም፣ ሰው በትውልዱ ሳይሆን በችሎታው የሚደርስበት ኑሮ ነው ባይ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ መኪናውና ደመወዙ ቀደሙ እንጂ።

ለመሆኑ ያኔ ለእኛ የተከፈተው በር ምን ያህል ነበር? በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮታ በዓመት 100 ሰው ነው። ከአንድ መቶ ሰው ላይ አንድም ዜሮ አልጎደለም፤ መቶ ብቻ! ደግሞስ የዚያን ጊዜ ሰዎቻችን አሜሪካን የሚያስቧት ለመኖሪያ መች ሆነና? ለትምህርት ነበር። ዶክተር መላኩ በያንን ውሰዱ። በ1920ዎቹ ለትምህርት ተልከው፣ ዋሽንግተን ካለው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1935 በሕክምና ተመረቁ። ያን ዓመት ጣሊያን መጣ። ዶክተሩም ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ጦርነቱ ተመለሱ። ኋላ አሜሪካ የሄዱትም ለወገን ድጋፍ ለማሰባሰብ ነበር፤ የሞቱትም እዚያው፣ በ1940 ነው።

ከጣሊያን በኋላም ልማዱ ቀጠለ። የኦክላሆማ ባለሙያዎች የዓለማያን እርሻ ኮሌጅ ሲያቋቁሙ፣ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደዚያው የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። ተማሪው ሲመለስ ሥራ፣ ቤትና ክብር ይጠብቁታል። እዚያ መቅረት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሕልም ማለት ተምሮ መመለስ ነበር ማለት ነው።

ይህን የገለበጠው 1966 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ፣ ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። ለትምህርት የሄደው መመለሻ አጣ፤ አገር ቤት ያለውም በእግሩ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 የስደተኞችን ሕግ ሲፈርሙ ለእነዚህ ሰዎች በር ተከፈተ። በዚያ አሥር ዓመት ከአፍሪካ በስደተኝነት ከገቡት እጅግ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር እንጀራ የሸተተው ያኔ ነው። ታክሲ የነዱት፣ መኪና ማቆሚያ ላይ የቆሙት መምህራን፣ መኮንኖችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ለእነሱ ሕልሙ ነፍስን ማትረፍ ነው፤ የተረፈው ሁሉ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ዲቪ እንምጣ። ዲቪን የወለደው የ1990ው ሕግ ነው። ለማን ብለው አወጡት መሰላችሁ? ለእኛ? ኧረ በጭራሽ! ሩጫው በዋናነት የአይሪሾች ነበር። በ1980ዎቹ ከአየርላንድ መጥተው ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ወጣቶች በዝተው ስለነበር፣ በምክር ቤቱ ያሉ ወዳጆቻቸው መላ ፈለጉላቸው። ዋናው ዕጣ እስኪጀመር በነበሩት ሦስት ዓመታት ከተመደበው ቪዛ 40 በመቶው ለአየርላንድ የተቀመጠ ነበር። በ1995 ዕጣው ለሌላው ዓለም ሲከፈት ግን አየርላንድ ኑሮዋ እየተሻሻለ ሄደ፤ ዕጣውን አፍሪካ ወረሰችው። ለአይሪሾች የተጠመቀውን ጠላ እኛ ጠጣነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ በፖስታ ነበር፤ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ሆነ። በየኢንተርኔት ቤቱ በር «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሞልቶ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚደብቅ ደላላ መጣ። ዕጣ ለወጣለት ልጅ ገንዘብ ከፍሎ «ሚስት» የሚሆን ቤተሰብ መጣ። ዕጣው በመጀመሪያ 55 ሺህ ሲሆን፣ በኋላ ወደ 50 ሺህ ገደማ ወረደ። ለአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይሰጥም። አመልካቹ ግን በአንዳንድ ዓመታት ቤተሰቡን ጨምሮ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሂሳቡን ለእናንተ ልተወው።

እኔን የሚያስገርመኝ አዳምስ ያለውና እኛ የያዝነው መለያየቱ ነው። እሱ ሰው በጥረቱ ይድረስ አለ። እኛን ወደዚያ የሚያደርሰን ግን ኮምፒዩተር የሚያወጣው ዕጣ ሆነ። ትጉሁንም ሰነፉንም አንድ ያደርጋል። ዕጣውም ቢወጣ ነገሩ አያልቅም። በ2020 በኮሮና ጊዜ ቪዛ በአዋጅ ሲታገድ፣ ስማቸው ወጥቶ፣ ንብረታቸውን ሸጠው የጠበቁ ሰዎች ዓመቱ አልፎባቸው ቀርተዋል።

እሺ፣ ለገባውስ ሕልሙ አለ? አለ። ሄኖክ ተስፋዬ በመኪና ማቆሚያ ሠራተኝነት ጀምሮ፣ ኋላ በዋሽንግተን የራሱን የፓርኪንግ ኩባንያ አቋቁሟል። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ውሸት አይደሉም። መሰላሉ ግን ረዝሟል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በ1940 ከተወለዱት አሜሪካኖች 90 በመቶ ያህሉ ከወላጆቻቸው የተሻለ ገቢ አግኝተዋል፤ በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ። ባላገሩ እንዲህ ከሆነ ትናንት የገባው እንዴት ይሁን? ታክሲው ኡበር መጣበት። የዋሽንግተን ኪራይ ሲንር ሐበሻው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተገፋ።

ይህን የማውቀው ከጥናት ብቻ አይደለም። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጆቻቸው ባለ አምስት ክፍል ቤት ሠርተውላቸዋል። እሳቸው አንዱ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፣ አራቱ ተቆልፏል። ቤቱን የሠሩት ልጆች ደግሞ እዚያ ማዶ የሰው ቤት ምድር ቤት ተከራይተው፣ በሁለት ሥራ መካከል እየተፈራረቁ ይተኛሉ። ሕልሙ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም? ለቡ ላይ ቆሞ ለሚያየው ተሳክቷል። እናትየው ግን «ቤቱስ ቆመ፣ የሚገባበት ሰው ጠፋ እንጂ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ የምለው ወጣቱን «አትሂድ» ለማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ደመወዙ ባለበት ቆሞ ይህን ያየ ልጅ አሜሪካን ቢመኝ ሞኝ አይደለም፤ ሂሳብ አዋቂ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ መጠበቁ። የሰፈሬን አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እጁ የተባረከ። ዘጠኝ ዓመት ዲቪ ሞልቷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሱን ሱቅ ያልከፈተው፣ እጮኛውንም ያላገባው «ዘንድሮ ቢወጣልኝስ?» እያለ ነው። ዲቪ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። እሱ የከፈለው ግን ዘጠኝ ዓመት ነው።

እንግዲህ ታሪኩ የሚለን ይህን ነው። በሩን በ1924 ያጠበቡት፣ በ1980 የከፈቱት፣ በ1990 ለአይሪሾች ብለው ዕጣ ያደረጉት፣ በ2020 እና በ2025 የዘጉት እነሱ ናቸው፤ ሁሌም ለራሳቸው ጉዳይ፣ በራሳቸው ፖለቲካ። ነገም ሊከፍቱት ይችላሉ። ያን ልጅ ሳገኘው የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ዲቪው ሲከፈት ሙላ፣ ማን ከለከለህ? ሱቁን ግን ዛሬ ክፈት።