ከጎጀብ እስከ ካላብሪያ፦ የሐዲስ ዓለማየሁ የግዞት ዓመታትና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አነባበብ

ሬይዱልፍ ሞልቬር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአማርኛ ልብ ወለዶችን የማኅበራዊ ሕይወትና የባህል መስታወት አድርገው መርምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው፤ የድሮው ጎጃም፣ የባላባቱና የጭሰኛው፣ የቤተ ክህነቱ ኑሮ መዝገብ ሆኖ። ስለ መጽሐፉ ቋንቋና ስለ አተራረኩ ከተጻፈው ጋር ጠብ የለኝም። የምሟገተው ጸሐፊውን ከጎጃም ልጅነታቸው በቀጥታ መጽሐፉ ወደታተመበት ወደ 1958 ዓ.ም. ከሚያሻግረው አነባበብ ጋር ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት የሚጠጋ እስራት አለ። ሞልቬር ራሳቸው በ1997 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸው የሐዲስን ሕይወት በሰፊው ጽፈዋል፤ ያ ሕይወት ግን ልብ ወለዱን የምናነብበትን መንገድ አልለወጠውም።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፤ ኋላም አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ከጎጃሙ ገዥ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ አቅጣጫ ተጓዙ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በምዕራብ ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው የተቀበሉት፣ ጥቁር አንበሶች የተባሉት አርበኞች የጽሑፍ ደንብ ነበራቸው። ደንቡ የፖለቲካ አመራሩን ከጦር አዛዡ በላይ ያደርጋል፤ ገበሬን መበደልና ምርኮኛን ማንገላታት ይከለክላል። በዘመኑ ጦር ሲያልፍ ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ደንብ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ሰዎች ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከራስ እምሩ ጋር እጃቸውን ሲሰጡ፣ ለጠላት ሊያደርጉ የተስማሙበት ርኅራኄ ለእነሱ እንደሚደረግ ዋስትና አልነበራቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ ፍቼ ላይ የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በምሕረት ተስፋ እጃቸውን ሰጥተው ተገደሉ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ከጥቁር አንበሶች መካከል የሐኪም ወርቅነህን ልጆች ዮሴፍንና ቢንያምን ጨምሮ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተረሸኑ።

ሐዲስ ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ መጀመሪያ ፖንዛ፣ ከዚያ ሊፓሪ ደሴት፣ በመጨረሻም ካላብሪያ ውስጥ። በእነዚያ ዓመታት አሲናራን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች የተጋዙት ኢትዮጵያውያን ወደ 400 ይጠጋሉ። ከእነሱ አንዷ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ፣ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቱሪን ላይ አረፉ።

የደሴቶቹ ግዞት ከዳናኔ ጋር አይወዳደርም የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ሞቃዲሾ አቅራቢያ የነበረውን የዳናኔን የእስረኞች ካምፕ ያዩት ሚካኤል ተሰማ ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ እንደሞቱ በቃላቸው መስክረዋል። ነገር ግን የአንዱ ስቃይ መብዛት የሌላውን እስራት ወደ እንግድነት አይለውጠውም። ክርክሩን ከዚህ በላይ ማራዘም አያሻም።

ይልቅ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገቡ፤ ከዚያ ጉዟቸው ዛሬ መተከል ውስጥ ባለው በበላያ ተራራ በኩል ነበር። አሶሳን መጋቢት 2 ቀን ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ያዘ። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ታሪካችንን ምዕራፍ በምዕራፍ የሚከፍሉት እነዚህ ቀኖች ለግዞተኞቹ የሰጧቸው ነገር አልነበረም። ሐዲስ ከዚያም በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው ቆይተው፣ የተባበሩት ኃይሎች በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ካላብሪያን ሲይዙ ነው ነጻ የወጡት። በዚያው ክረምት ሙሶሊኒ ራሱ ተሽሮ ፖንዛ ላይ ታሰረ፤ ያረፈበትም ቀደም ሲል ራስ እምሩ የታሰሩበት ቤት ነበር።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ጭሰኞቻቸውን ሊቀጡ ዘምተው በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች ይማረካሉ፤ ገበሬዎቹም አይገድሏቸውም። የመስታወቱ አነባበብ ይህን የባላባት ሥርዓት መዳከም ምልክት ያደርገዋል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ ያንን የጥቁር አንበሶች ደንብ አያለሁ፦ ገበሬው አይበደል፣ ምርኮኛው አይንገላታ። የምርኮኛን ውርደት በሥጋው የቀመሰ ደራሲ፣ ትዕቢተኛውን ጌታ በናቃቸው ሰዎች እጅ ላይ ጥሎ ሰብአዊነትን ለማራኪዎቹ ሰጠ። ጥንቃቄ አይከፋም፤ ከሕይወት ወደ ልብ ወለድ የሚሻገር መስመር ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይሆንም። የገበሬ አመጽ ጎጃም ውስጥ ስለነበረ ሐዲስ ያዩትን ጻፉ የሚለው መልስ ግን አያጠግብም። አመጹን ከጎጃም ሊያገኙት ይችላሉ፤ የምርኮውን አያያዝ ግን ጎጃም ብቻ አላስተማራቸውም።

ምንጩ አልጠፋም። ሐዲስ የጦርነቱን ዘመን በ«ትዝታ» ጽፈው በ1985 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ግን እንደ አባሪ ይቆጥሩታል። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»ም በ2002 ዓ.ም. ታትሟል። አለቃና ተከታይ ስለ አንድ ዘመቻና ስለ አንድ እጅ መስጠት የጻፏቸው ሁለት መጻሕፍት አሉን። የሚቀጥለው ሥራ ሁለቱን ገጽ በገጽ ማስተያየት፣ ከዚያም የአበጀ በለውን ምዕራፍ ከአጠገባቸው አድርጎ ማንበብ ነው።