ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምርምር ዘዴ ከጋሞ ደጋ ሲታይ

«የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ» በሚል ስም በየትምህርት ተቋሞቻችን የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሰሜኑ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ነው። የግድግዳው ሥዕል፣ የብራናው ሐረግ፣ የመስቀሉ ቅርጽና ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ሰፊውን ክፍል ይይዛሉ። ይህ የሆነበት ምክንያት የታወቀ ነው። ቅርሶቹ ጥንታውያን ናቸው፤ ዕድሜ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም የንጉሥ ወይም የአሠሪ ስም ተጽፎባቸዋል። የምርምሩም ዘዴ ከዚሁ የተቀዳ ነው። ተመራማሪው ከቦታው ይደርሳል፤ ካህናቱን አስፈቅዶ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሥዕሉን ከሌላ ሥዕል ጋር አስተያይቶ በአንድ ዘመነ መንግሥት ሥር ይመድበዋል። በዚህ ዘዴ ብዙ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የኢትዮጵያን ሥዕል ዐበይት ርእሶች መርምሮ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ አንዱ ምስክር ነው። ነገር ግን ዘዴው ሳይናገር የሚተማመንባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑና ዕቃው ነገም በቦታው መገኘቱ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ሁለቱንም አሳጣ። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) የአል ነጃሺ መስጊድ ተመታ፤ ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተዋጊዎች እጅ ወደቀች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፣ በዚያው ዓመት በዐማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ገዳማትና አድባራት ወዳሉበት አገር የሚወስደውን መንገድ እንደገና አስፈሪ አደረገው። ከትግራይ ወጡ የተባሉ ብራናዎችም በኢንተርኔት ገበያ ላይ እንደ ታዩ ተዘገበ። ታሪኩ በሥዕል ተደግፎ በክፍል ውስጥ ሲሰጥ የነበረው ቅርስ፣ ዛሬ የት እንዳለ የሚጠየቅበት ቅርስ ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስብን የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በደርግ ዘመን ሁሉ ሲሠራ ቆይቶ ከ9 ሺህ በላይ ጽሑፎችን በፊልም አንሥቷል፤ የፊልሞቹም ቅጂ አሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል። ከካታሎጉ ሥራ ታላቁን ድርሻ የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ የፊልም አንሺው ቡድን ጦርነት ወደ በረታባቸው የሰሜን አገሮች መዝለቅ አልቻለም። ስለዚህ በዚያ ካታሎግ የተመዘገቡትን ብራናዎች በየአውራጃው ቆጥሮ «የመጻሕፍት ሀብት የነበረው እዚህ ነው፤ እዚያ ግን ጥቂት ነው» ብሎ የሚደመድም ተማሪ፣ የቆጠረው መጻሕፍትን ሳይሆን ሰላምን ነው። የማስረጃው ካርታ የጦርነቱም ካርታ መሆኑን ማስተዋል የዘዴው የመጀመሪያ ክፍል ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፎቶግራፍን ይመለከታል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጀርቨርስና ባልደረቦቹ ባሰባሰቡት «መዝገበ ሥዕላት»፣ እንዲሁም የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ ባነሡት ብዙ ዲጂታል ምስል ውስጥ፣ ለአንዳንዱ ቅርስ ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ሊቀር የሚችል ነገር አለ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ እንደ ልማዱ የሚያነሣው ግን ውብ የሆነውን ገጽ ነው። የተሰረቀ መጽሐፍ የማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ሲፈለግ ውቡ ገጽ ብዙ አይረዳም፤ ተገንጥሎ ለብቻው ይሸጣልና፣ ከሌላውም ጋር ይመሳሰላልና። የሚረዳው የተሰነጠቀው ገበታ፣ የሰም ጠብታው፣ አይጥ የበላው ጠርዝ፣ በኅዳግ የተጻፈው የርስትና የስጦታ ማስታወሻ፣ የቅጠሎቹ ቁጥር ነው። ከእንግዲህ የሚሠራ ምዝገባ ሁሉ ከእነዚህ ቢጀምር ይበጃል።

ወደ ጋሞ የምናልፈው በጦርነት ምክንያት ሰሜኑ ስለ ተዘጋና ሌላ ሥራ ስለ ጠፋ አይደለም። ጋሞ በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ ያጣው ሥራው የሚጠፋ ነገር በመሆኑ ነው። ቤቱ ከቀርቀሃ፣ ልብሱ ከጥጥ፣ ዕቃው ከሸክላና ከቆዳ ነው። ጦርነት ደግሞ ይጠፋል ተብሎ ያልታሰበውን የሰሜኑን ብራናና ድንጋይ ወደዚሁ ሁኔታ አወረደው። ስለዚህ የሚጠፋውን ነገር እንዴት እንደምናጠና የጋሞ ደጋ ሊያስተምረን ይችላል።

የዶርዜን ቤት እንመልከት። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የወጣ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። እንደ ቅርጫት ከተሰነጠቀ ቀርቀሃ የሚጠለፍ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርቀሃ ሽፋን የሚከደን፣ ፊቱ የዝሆን ራስ የሚመስል፣ ከፍታው እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ነው። ምስጥና እርጥበት ግን እግሩን ይበሉታል። ባለቤቱ የተበላውን ከታች ይቆርጣል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። አንድ ተመራማሪ የቆየውን የጥናት ዘዴ ይዞ ቢመጣ ረጃጅሞቹንና አጫጭሮቹን ቤቶች በሁለት ክፍል መድቦ፣ ረጅሙ የሀብታም ነው፣ አጭሩ የድኃ ነው፣ ወይም ሁለት የተለያዩ የአሠራር ስልቶች ናቸው ብሎ ይጽፍ ነበር። እውነቱ ግን አጭሩ ቤት ያረጀው ረጅም ቤት መሆኑ ነው። የቆመበትም ስፍራ የተሠራበት ስፍራ ላይሆን ይችላል። ቅርጹንና ቦታውን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም፤ የሚገኘው ባለቤቱን፣ ቆራጩንና ተሸካሚውን በመጠየቅ ነው።

ይህንኑ ወደ ሰሜን መልሰን ብናስበው፣ ከጦርነት በኋላ የታደሰ ቅጥርና እንደገና የተሳለ ግድግዳ «ጥንታዊነቱን ያጣ» ተብሎ ከምርምር የሚወጣበት ምክንያት አይታይም። ማን አደሰው፣ ምን አስታውሶ አደሰው፣ ምንስ ለወጠ የሚለው ራሱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው።

የሽመናው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በጋሞ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ቡልኮውና ጋቢው፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተዋሐዱበት ዱንጉዛም ከዚህ ይወጣል። ነገር ግን የጥበቡ መዝገብ በጨንቻ ብቻ አይደለም። ሸማኔው እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ከወጣ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ሽሮ ሜዳ የዚህ ፍልሰት ሰፈር ናት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ጥቃት በደረሰ ጊዜ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ቂም ለመወጣት በአርባ ምንጭ የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በጉልበታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። ስለዚህ ሥርዐት በሰላም ጥናት ረገድ ብዙ ተነግሯል። ለእኛ ጥናት የሚቀረው ሌላው ጎን ነው፤ ከመኖሪያው የተነቀለ ሸማኔ ይዞት የሚሄደው የጥለት ዕውቀት በማንኛውም ሙዚየም አልተመዘገበም።

ዕቃው ወደ ውጭ አገር ሙዚየም መግባቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1934 እና በ1935 እ.ኤ.አ. አዶልፍ ጄንሰን የመራው የጀርመን ጉዞ ሠዓሊ ጭምር ይዞ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲያጠና፣ የኢጣልያ ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የፍራንክፈርት የብሔረሰቦች ሙዚየም ሕንፃ ደግሞ በ1944 እ.ኤ.አ. በቦምብ ወደመ።

በጦርነት መካከል ስለሚጻፍ ታሪክ ስንነጋገር ጋሞ የራሱ አብነት አለው። አባ ባሕርይ የጋሞ ካህን ነበሩ፤ በ1593 እ.ኤ.አ. የኦሮሞን ታሪክ በግእዝ የጻፉት የገዛ አገራቸው ተወርሮ ሳለ ነው። ድርሰቱ ከወገንተኝነት የጸዳ አይደለም፤ የዘመኑ ጥላቻ ይታይበታል፤ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ይህ መነገር አለበት። ዘዴው ግን የሚያስደንቅ ነው። ባሕርይ የባላጋራቸውን ነገድና የትውልድ ሐረግ ጠይቀው ጻፉ፤ ዘመቻዎቹንም በራሱ በባላጋራው የዘመን መለኪያ፣ ስምንት ስምንት ዓመት በሚገዛው የሉባ ተራ ቀመሩ። የክፉን ታሪክ ለምን ትጽፋለህ ለሚል ወቃሽም መልስ አስቀመጡ። በጋሞ ዛሬ የአንድን ቤት ወይም የአንድን ሸማ ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ከእርሳቸው ሊማር ይችላል። የነገሥታቱን ዝርዝር ይዞ ከሚመጣ፣ በየደሬው የሐላቃነት ማዕረግ የወሰዱትን ሰዎች ቅደም ተከተል ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቢያሰናዳ፣ ዕቃው ተሠራ የተባለበትን ጊዜ በዚያ መለካት ይቻለዋል።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ምዝገባ ይስፋፋ ሲባል ሁሉም ነገር ይታተም ማለት አይደለም። የቅርስ ምስልና የተቀመጠበት ቦታ አብረው ሲወጡ ለተማሪው እንደሚጠቅሙ ሁሉ ለሌባውም መንገድ ያሳያሉ። ምስሉን በየትምህርት ቤቱ ማሠራጨት፣ የቦታውን ስምና የመለያውን ዝርዝር ግን በባለቤቱና በሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ብቻ ማኖር ይቻላል። እንዲሁም በጋሞ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶችና ቆዳ የሚያለፉ ቤተ ሰቦች «ማላ» ከሚባለው ወገን ተለይተው፣ ከመሬትና ከጋብቻ ተገልለው የኖሩ ናቸው። መዝጋቢው ወደ አደባባዩ ሽማግሌዎች ብቻ ከሄደ የእነዚህን ባለሙያዎች ሥራ በሌላ ሰው አፍ ይጽፋል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በጨንቻ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዐሥር ቤቶችን መርጦ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፣ በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ከፍታቸውን በገመድ ቢለካ፣ መቼ እንደ ተቆረጡና ከየት እንደ መጡ በጋሞኛና በአማርኛ ቢጽፍ፣ ደብተሩንም በሁለት ቅጂ አንዱን በትምህርት ቤቱ፣ ሌላውን በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ቢያስቀምጥ በቂ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአምስተኛው ዓመት ግን የትኛው ቤት በስንት ክንድ እንዳጠረ፣ የትኛው እንደ ተወሰደና የትኛው በቆርቆሮ እንደ ተተካ ተማሪው ከደብተሩ ያነባል።