በዋሺንግተን ደጅ ስለሚጠኑ ድርጅቶችና ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ

በአገራችን ባለጉዳይ ወደ መኳንንት ግቢ ሲሄድ ደጅ ይጠና፣ አማላጅ ይፈልግ፣ አጋፋሪውንም ይለማመጥ ነበር። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን ግን ይህ ሥራ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ በውልና በወር ክፍያ የሚሠራ ሙያ ሆኗል። ስሙን «ሎቢ» ይሉታል፤ ቃሉ የመግቢያ አዳራሽ ማለት ነው። ሙያው ለውጭ መንግሥታት ሲሠራ በሕግ እንዴት እንደ ተያዘና አገራችንን እንዴት እንደ ነካ በአጭሩ እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በ1791 የጸናው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ለሕዝብ አቤቱታ የማቅረብን መብት ስለ ሰጠ፣ ሎቢን ፈጽሞ መከልከል አስቸጋሪ ነበር። የቀረው መንገድ ሥራው በግልጽ እንዲሠራ ማስገደድ ነው። በ1934 አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ የናዚን ስብከት ሲመረምር፣ አይቪ ሊ የተባለው ስመ ጥር የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ ኢ ጌ ፋርበን ከተባለው የጀርመን ኩባንያ ገንዘብ ይቀበል እንደ ነበር ታወቀ። ከእንዲህ ያለው ምርመራ የተነሣ በ1938 የውጭ ወኪሎች የምዝገባ ሕግ ወጣ። ሕጉ ወኪሉ ውሉንና ክፍያውን እንዲያስመዘግብ ያዛል እንጂ ሥራውን አይከለክልም። መዝገቡም ከ1942 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ይጠበቃል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ከ2005 ምርጫ በኋላ ከደረሰው ግድያና እስራት የተነሣ፣ በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ዲሞክራሲና ተጠያቂነት የሚናገር ረቂቅ ሕግ በዋሺንግተን ቀረበ። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደገፉት፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ዲ ኤል ኤ ፓይፐር በተባለው የሕግ ድርጅት አማካይነት ተቃወመው። ረቂቁ ኦክቶበር 2 ቀን በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አለፈ፤ በሕግ መወሰኛው ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ።

ይህን የድርጅቱ ድል ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ይመስለናል። የፕሬዚዳንት ቡሽ መንግሥት ራሱ ረቂቁን አልወደደውም፤ ኢትዮጵያ በሶማልያ ጉዳይ የቅርብ ተባባሪው ነበረችና። ድርጅቱ የዘጋው በር አስቀድሞም ገርበብ ያለ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ይህንኑ ያጠነክራል። በ2017 መንግሥታችን ኤስ ጂ አር የተባለውን ድርጅት በወር 150,000 ዶላር ቀጠረ። ሆኖም ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች እንደራሴዎቻቸውን ደጋግመው ጠይቀው ነበርና፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የሚናገረው ቍጥር 128 ውሳኔ በ2018 ኤፕሪል 10 ቀን በዚያው ምክር ቤት አለፈ። ውሳኔው እንደ ሕግ የሚያስገድድ ባይሆንም፣ ክፍያው ሊያስቀረው አልቻለም።

እንግዲህ ገንዘብ ደጁን ያስከፍታል፤ የመራጭን ድምፅና የኀያል መንግሥትን ጥቅም ግን አይተካም። ይህን ያህል የድኻ አገር ገንዘብ ለማን እንደ ተከፈለ ዛሬ ማንበብ የምንችለውም ባዕድ አገር በ1938 ባወጣው ሕግ ምክንያት ነው። የገዛ አገራችንን ታሪክ ለመጻፍ የሰው አገር መዝገብ መግለጥ ግድ ከሆነብን፣ በቤታችንስ እንዲህ ያለ መዝገብ ሊኖረን አይገባምን?