የአእምሮ ሕክምና ወደ ደጋው ያደረገው ጉዞ
በመሐል ሜዳና በመላው መንዝ አእምሮው የታወከ ዘመድ ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ጠበልን ነው። በሰላድንጋይ አቅራቢያ ወደምትገኘው ጻድቃኔ ማርያም በሽተኛውን ይዞ ይሄዳል፤ ሕመሙ የበረታበትም አንዳንዴ በሰንሰለት ታስሮ ይወሰዳል። ዘመናዊው ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ኖረ፤ ይህም ከመሐል ሜዳ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በ1952 እ.ኤ.አ. ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ሲጀምር የብዙ ሆስፒታሎች ገጽታ ተለወጠ። ለደጋው ገበሬ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ የጎደለው ሰጪው ነበር፤ እኛ መሐንዲሶች እንደምናውቀው፣ ፓምፕ ያለ ሠራተኛ ብረት ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት ለገጠሩ ዋናው ዓመት 1952 ሳይሆን 1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሲመደቡ፣ ከጠበሉ ጋር መድኃኒትም የሚሻ ቤተሰብ ሁሉ የግድ አዲስ አበባ ድረስ መጓዙ እየቀረ ሄደ።