ቃለ መጠይቅና ይሉኝታ፦ በአስኮ የሠራተኛ አመራረጥ

የሥራ ቃለ መጠይቅ ማለት ቀጣሪው ለአንድ የሥራ መደብ ካመለከቱት ሰዎች መካከል ሥራውን በአግባቡ ሊወጣ የሚችለው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ለመገመት፣ ፊት ለፊት በጥያቄና መልስ የሚያካሂደው ምዘና ነው። ግምት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለጠያቂዎቹ የሚታያቸው የአመልካቹ አነጋገርና አቀማመጥ እንጂ ሥራው አይደለምና።

በቃለ መጠይቁና በሥራው መካከል ያለው ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች አንዱ አስኮ ነው። ወደ ቡራዩና አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ሠፈር የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ፣ የጫማ ማምረቻዎች፣ ጋራዦችና መናኸሪያ ያሉበት በመሆኑ፣ ከሠራተኛው በአብዛኛው የሚፈለገው የእጅ ሙያ፣ ጥንቃቄና የፈረቃ ጽናት ነው። የብርጭቆ ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት ሳይጠፋ የሚነድና ጥሬ ዕቃውን 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት የሚያቀልጥ ስለሆነ፣ በሌሊት ፈረቃ ጉድለት አይቶ ዝም የሚል ሠራተኛ የሚያስከትለው ጉዳት እስኪነጋ አይጠብቅም። በጫማ ሥራም ቆራጩ የቆዳውን ጠባሳና የሚለጠጥበትን አቅጣጫ ሳያስተውል ከቆረጠ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰፊም ሆነ በፎርማ ላይ የሚወጥረው ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢተጋ ጥፋቱን አያቃናውም። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው የተለመደ መክፈቻ ከእነዚህ አንዱንም አይለካም።

ጥናቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የ85 ዓመታት ምርምሮችን አሰባስበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተሙት ሥራ፣ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም ለሁሉም አመልካቾች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ አስቀድሞ በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ የሚሰጥበት ዘዴ፣ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ 0.51 ሲሆን፣ ጠያቂው እንደመጣለት የሚያካሂደው ያልተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ግን 0.38 መሆኑን አመልክተዋል፤ ተዛምዶው 1 ቢሆን ግምቱ ፍጹም ነው፣ 0 ቢሆን ደግሞ ዕጣ ከመጣል አይሻልም ማለት ነው። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲመረምሩ ቁጥሮቹ ወደ 0.42 እና 0.19 ወርደዋል፤ የተዋቀረው ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ሆኖ ሲቀር፣ ልማዳዊው ጭውውት ግን ቀድሞ ከተገመተውም በታች ሆኖ ተገኝቷል።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ የሚደረብ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ይሉኝታ፣ ማለትም «ሰው ምን ይለኛል» በሚል ራስን መግታት ነው። በጨዋ ደንብ ያደገ ሰው ራሱን ማሞገስ ነውር፣ በታላላቆች ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግና ዓይንን መስበር ደግሞ አክብሮት መሆኑን ተምሮ ስለሚመጣ፣ ጠንካራ ጎኑን ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ብቻውን የሠራውን ሥራ እንኳ «ሠራን» ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር ይካፈለዋል። ከውጭ በተቀዳ የነጥብ መስጫ ቅጽ የሚመራ ኮሚቴ ይህን ሁሉ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» በሚል ዓምድ ሥር ሲያሰፍረው፣ ለአመልካቹ በደል፣ ለድርጅቱም ኪሳራ ይሆናል፤ ትሑቱ ባለሙያ ወደ ቤቱ ተመልሶ አንደበተ ርቱዑ ማሽኑ ላይ ይቆማልና።

መፍትሔው አመልካቹን ራሱን እንዲያሞግስ ማሠልጠን ሳይሆን ጥያቄውን መለወጥ ነው። ቶም ጃንዝ በ1982 ባቀረበው ዘዴ አመልካቹ የሚጠየቀው ስለ ባሕርዩ ሳይሆን ስለ ፈጸመው ተግባር ነው፦ «ጉድለት ያለበት ቆዳ ተቆርጦ እጅዎ የገባበትን ቀን ያስታውሱና ምን እንዳደረጉ፣ ለማንስ እንዳሳወቁ ይንገሩን።» የሆነውን መተረክ ውዳሴ ስላልሆነ ይሉኝታ አይዘውም፤ «ሠራን» ሲልም «ከዚያ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የትኛው ነበር?» ብሎ በአክብሮት መከተል ይቻላል። ልምድ ለሌለው ወጣት ደግሞ ጋሪ ላተምና ባልደረቦቹ በ1980 ያስተዋወቁት፣ «እንዲህ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ሁኔታ ተኮር ጥያቄ ይስማማል። በእጅ የሚታይ ሙያ ግን በቃል ሊጠየቅ አይገባም፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ቢኖርም ቆራጩ ቢላውንና ቆዳውን ይዞ በተግባር ይፈተን።

የነጥብ አሰጣጡም ጥንቃቄ ይሻል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እንዳሳየው፣ ሰው በአንድ ጎኑ ደስ ካሰኘ በሌላውም ከፍተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በዚህ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀድሞ አስተያየቱን ከሰነዘረ የበታቾቹ ነጥብ ወደ እርሱ ያጋድላል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከውይይቱ በፊት ለየጥያቄው ለብቻው ነጥብ ሞልቶ ይፈርም። ከቡራዩ በኩል የሚመጣውና አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታው አመልካች በአማርኛ ሲመልስ ቢዘገይ፣ የሚመዘነው የተናገረው ነገር እንጂ የአነጋገሩ ፍጥነት መሆን የለበትም።

የሕጉ ድንጋጌም ለዚህ ሥርዓት ያግዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ማበላለጥን ይከለክላል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ መድልዎ ደረሰብኝ ባለ አካል ጉዳተኛ ክስ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ቀጣሪው ስለሚያዞረው፣ የተፈረመው የነጥብ ወረቀትና ቃለ ጉባኤ ባይኖር ድርጅቱ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። አዋጅ 1156/2011 ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 45 ተከታታይ ቀናት የነበረውን የሙከራ ጊዜ ጣሪያ ወደ 60 የሥራ ቀናት አሳድጎታል። ብዙ ቀጣሪዎች ይህን ጊዜ ሠራተኛውን ለማሰናበት ወይም ለማጽናት ብቻ ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን የቃለ መጠይቁ የነጥብ ወረቀት ከፋይል ወጥቶ የፈረቃ ኃላፊው ከሰጠው የሥራ ምዘና ጋር በየጥያቄው ቢተያይ፣ የትኛው ጥያቄ እውነቱን ቀድሞ እንደተናገረና የትኛው በከንቱ እንደተጠየቀ ይለያል፤ ለቀጣዩ ቅጥር የሚዘጋጀው ቅጽም ከዚያ ተነሥቶ ይታረማል።