ስለ ሁለት ሠዓልያን፤ ስለ ፍሬ ጽዮንና ስለ ቬኔስያዊው መርቆሬዎስ

የቅኔ መምህር ቢሞት ስሙ በደቀ መዛሙርቱ አፍ ይኖራል፤ መጽሐፍ የጻፈ ጸሐፊም በብራናው መጨረሻ አንባቢው በጸሎት ያስበው ዘንድ ስሙን ያኖራል። ሠዓሊ ግን እንደዚህ አይደለም። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና ሠሌዳ ላይ ከእመቤታችን እግር በታች ተደፍቶ የሚታየው፣ ስሙም ከራሱ አጠገብ የተጻፈለት፣ ወርቅ ሰጥቶ ሥዕሉን ያሣለው ባለጠጋ ነው። ቀለሙን በጥብጦ፣ ዓይኑን አድክሞ የሣለው ሰው ስም እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከነበሩት ሠዓልያን የሁለቱ ስም እስከ ዛሬ መድረሱ እንደ ትልቅ ነገር ሊቈጠር ይገባዋል።

ፊተኛው ፍሬ ጽዮን ነው። ዘመኑ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡበት ዘመን ነው። በጣና ባሕር ውስጥ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከቁመተ ሰው የሚተካከል ትልቅ የእንጨት ሠሌዳ አለ፤ በእርሱም ላይ እመቤታችን ከልጅዋ ጋራ፣ በቀኝና በግራ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል፣ በዙሪያውም ቅዱሳን ተሥለዋል። በሠሌዳውም ላይ የተጻፈው ቃል የንጉሡን ስም፣ የገዳሙን አበ ምኔት የይስሐቅን ስም፣ የሠዓሊውንም የፍሬ ጽዮንን ስም ያነሣል። ከዚህ አንድ ጽሕፈት የተነሣ ሊቃውንት የእጁን ጠባይ ለይተው ዐውቀው፣ ስም ያልተጻፈባቸውን ሌሎችን ሥዕሎች ደግሞ የእርሱ ወይም ከእርሱ የተማሩ ሰዎች ሥራ እንደ ሆኑ ሊናገሩ ቻሉ። አንዲት መስመር ጽሕፈት የብዙ ሥዕል መክፈቻ ሆነች ማለት ነው።

ፍሬ ጽዮን የሣለበት ዘመን ሥዕል እንዲያው ለጌጥ የሚታይበት ዘመን አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን ፍቅር ከነገሥታት ሁሉ ይልቅ አጽንተው የያዙ ንጉሥ ነበሩ፤ 33ቱ በዓላቷ እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም ስግደት እንዲደረግ ሥርዓት ሠሩ። ሥርዓቱ እንዲፈጸም ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል መገኘት ነበረበት፤ ስለዚህ የሠዓሊው ብሩሽ ከንጉሡ ዐዋጅ ጋራ እኩል ይሠራ ነበር። በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኰሳት፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለሥዕልና ለንጉሥ ከመስገድ ተከለከሉ። ስለዚህም ተገረፉ፣ ታሠሩ፣ ተሰደዱ፣ ብዙዎችም ሞቱ። እንግዲህ ፍሬ ጽዮን ያን የመሰለ የዋህ ፊት የሣለው፣ በዚያ ፊት ምክንያት ደም በሚፈስስበት ጊዜ ነው። ነገሩ የሚያስደንቀው ግን ከኋላው ነው፤ የእነዚሁ መነኰሳት ገዳም ጉንዳ ጉንዴ፣ ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ሲጀምር፣ በአገራችን ከተሣሉት የብራና ሥዕሎች ሁሉ ያማሩትን ካወጡት አንዱ ሆነ። ሥዕል ጠላቶች ናቸው ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ልጆች ሥዕልን እንዲህ አድርገው ማክበራቸው ክሱን ደግሞ እንዲመረምሩት ያደርጋል።

ስለ አሣሣሉ ጥቂት ቃል ይበቃል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሠዓልያን ፊትን በወፍራም መስመር ከፍለው ያቆሙት ነበር፤ ፍሬ ጽዮን ግን የጕንጩን ብርሃንና ጥላ አለዝቦ፣ ራስዋን ወደ ልጅዋ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ሣላት። በእርሱ እጅ እንደ ተሣሉ በሚታመኑት ሥዕሎች እመቤታችን አበባ ይዛ፣ ሕፃኑም ወፍ ይዞ የሚታይበት አለ፤ መላእክቱም ሰይፋቸውን መዝዘው ክንፋቸውን እንደ ድንኳን ዘርግተው ያጠሏታል። ከባሕር ማዶ፣ ከግሪክና ከኢጣልያ የመጡ ሥዕሎችን እንዳየ ይታወቃል። ነገር ግን ያየውን እንዳየ አልገለበጠም፤ ቅኔ ዐዋቂ የሰማውን ምሥጢር በራሱ ሰም እንዲያለብሰው እርሱም በአገሩ ቀለም አለበሰው።

ሁለተኛው ሠዓሊ ኒቆላ ብራንካሌዎን ይባላል፤ አገሩ ቬኔስያ ነው። በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ከ1471 እስከ 1486 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ስሙም መርቆሬዎስ ተብሎ ቀረ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አግኝቶታል፤ 40 ዓመት ያህል በአገሩ ተቀምጦ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ሠዓሊ ሲሆን ርስት ያለው የተከበረ ጌታ እንደ ነበረ ጽፏል። በሣላቸው በአንዳንዶቹ ላይ ስሙን በላቲን ፊደል ጽፏል፤ ካህናቱም ምዕመናኑም የማያነቡትን ፊደል። ይህ የትዕቢት ነው የሚል ይኖራል። ይልቁንስ ከአገሩ ርቆ የሸመገለ ሰው፣ ማንም ባያነብለት እንኳ የአባቱን ቤት ስም ለመጥራት መፈለጉ ይመስላል።

በዚህ ሠዓሊ ላይ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በዐትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ሲሥል ሕፃኑን በግራ ክንድዋ አስያዛት፤ በአገራችን ግራ እጅ የተናቀ ስለ ሆነ፣ ካህናቱም ሕዝቡም ጌታን አዋረደብን ብለው ታወኩ፤ ሥዕሉ ይጥፋ ቢሉም ንጉሡ አላስነኩም ይባላል። ሁከት መነሣቱ ባያስገርምም (በግራ እጅ መጉረስ ነውር በሆነበት አገር፣ በመጨረሻው ቀን ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ በሚነበብበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ቢቈጣ ምን ይደንቃል) ታሪኩን ግን እንዳለ ለመቀበል ያስቸግራል። ግሪኮች መንገድ መሪ የሚሏት ጥንታዊት ሥዕል ልጅዋን በግራ ክንድዋ የያዘች ናትና፤ እንዲህ ያለውም ሥዕል ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በኋላ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ከሮም የመጣው የማርያም ሥዕል ቅጅ በአገሩ ሁሉ ሲሠራጭ፣ እርሱም ሕፃኑን በግራ አስይዞ ነበር፤ ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ በምንላት ሥዕል የሚሣለው ይኸው ነው።

መምህራኑም ለዚህ ትርጓሜ አላጡለትም። ዳዊት ንግሥቲቱ በንጉሡ ቀኝ እንደምትቆም በመዝሙሩ ተናግሯል፤ እናት ልጅዋን በግራ ክንድዋ ከያዘችው እርስዋ ለልጅዋ በቀኙ ትሆናለች። የሚቈጠረው ግራና ቀኝ የእርስዋ ሳይሆን የእርሱ ነው። ሕዝቡ በዐትሮንስ ታወከበት የተባለው ነገር ሲገለበጥ የመዝሙር ፍጻሜ ሆኖ ተገኘ፤ የቅኔ ቤት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ዐትሮንሰ ማርያም በግራኝ ጦርነት በ1524 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ከሁለቱ ሠዓልያን ሥራም እንዲህ ባለው እሳት የጠፋው ከተረፈው ይበልጣል። የዳጋው ሠሌዳ የዳነው ውኃ ስለ ከበበው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጀመሪያ በሌላ ስፍራ ተቀብረው ነበር፤ በኋላ ዐፅማቸው ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ፣ ዛሬ በዘመናቸው የተሣለው ሥዕል ካለበት ገዳም ውስጥ ያርፋል።